የሻወሩ ቱቦና የእኔ ፀጉር

ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለነው፤ ባለቤቴ፣ እናቱና እኔ። ባለቤቴ መላጣ ነው። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፀጉር አሳድገው አያውቁም፤ በየሁለት ሳምንቱ በምላጭ ይላጫሉ። ስለዚህ የሻወሩ ውኃ አልሄድ ብሎ በቆመ ዕለት ተጠርጣሪ ፍለጋ መድከም አላስፈለገም። አማቴ በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ውኃውን፣ ቀጥሎ የእኔን ራስ አዩና «ይኸው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ሳስበው ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ሰው «በቱቦ ይህን ያህል ትናደጃለሽ?» ይለኝ ይሆናል። የተናደድኩት በቱቦ አይደለም።

ሥራዬ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የክፍል ጽዳት ነው። እንግዳ መንገዱን ሞልቶት በሚሄድበት ዘመንም፣ አንድ እንግዳ ብርቅ በሆነበት ዘመንም፣ የሰው ፀጉር ከቱቦ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ቢጫውን አውቀዋለሁ፣ ቀዩን አውቀዋለሁ፣ ሹሩባው ሳይፈታ የገባውንም አውቀዋለሁ። ፀጉር የያዘው ቱቦ የራሱ ጠባይ አለው፤ ውኃውን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያቆመውም። እያጉረመረመ፣ ቀስ እያለ ይወስደዋል። የእኛ ቤት ውኃ ግን ቁርጭምጭሚት ድረስ ሞልቶ ቁጭ ብሏል። «እማማ፣ ይኼ የፀጉር ሥራ አይደለም» አልኳቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የተላጨ ራሳቸውን አሳዩኝና «የእኔ ነዋ ታዲያ!» አሉኝ።

ሻወሩን ያሠራው ባለቤቴ ነው፤ ለእናቱ ብሎ። ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ሳፋ ላይ ቁጢጥ ብሎ መታጠብ ከብዷቸው ነበር። ከሮቶው ውኃ የሚወርድበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ከመኝታ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ጠባብ ክፍል ነው። ሲሠራ አማቴ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ የሻወሩ ቱቦ ከመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ጋር እንዳይገናኝ። በወር ሁለት ጊዜ በባጃጅ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄደው ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል በጀሪካን ያመጣሉ። ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይጠጡና ሻወር ቤት ገብተው በቀሪው ይጠመቃሉ። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አፈር፣ እምነት የምንለውን፣ በጠበል በጥብጠው ጉልበታቸውን ይቀባሉ። «ይኼ ሁሉ ከሰገራ ጋር ሊቀላቀል? አበስኩ ገበርኩ!» አሉ። በዚህስ ልክ ነበሩ። እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት፤ ጠበል እግር በማይረግጠው ቦታ ይደፋል እንጂ የትም አይጣልም። ስለዚህ ቱቦው በወለሉ ሥር አልፎ፣ የግቢውን አጥር ተሻግሮ ከኋላ ባለው ቁልቁለት ላይ እንዲወጣ ተደረገ።

አንድ ዓመት ያህል እንከን አልነበረበትም። ውኃው የቆመው ፍልሰታ ተፈትቶ ሳምንት ሳይሞላው ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ጓንትና ሽቦ ይዤ ገባሁ። የቆመውን ውኃ በጣሳ ቀድቼ ጨረስኩ፤ ወንፊቱን አንስቼ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። የወጣው ፀጉር፣ እውነቱን ለመናገር የእኔው ነው፣ ተጠቅልሎ አንዲት ባቄላ አያክልም። ከእሱ በኋላ የወጣው ግን ጭቃ ነበር፤ ቀላ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ከሳሙና ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ የሚያያዝ ጭቃ። አንድ ጣሳ ሙሉ አወጣሁ። የፈላ ውኃ ለቀቅኩበት፣ በረኪና አፈሰስኩበት፣ ሽቦውን አጥፌ ወዘወዝኩት። ውኃው እያንቋረረ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ቆመ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጭቃውን በጣሳው እንዳለ ይዤ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። መቼም ሰው ከልምዱ አይማርም። «እማማ፣ ይህን ይዩልኝ እስቲ፤ ከእምነቱ ይሆን?» አልኳቸው። በጨዋነት ነው የጠየቅኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ያ የሚያማቸው ጉልበት በዚያች ሰዓት አላመማቸውም።

«እምነት ነው ቱቦ የሚደፍን? ስንቱን ድውይ ያዳነ እምነት! ምነዋ አንቺ ልጅ፣ ክፉ መንፈስ ነው የሚያናግርሽ? የራስሽን ጉድ በእግዚአብሔር ነገር ላይ ትለድፊያለሽ?»

ከዚያች ቀን ወዲህ ጥፋቴ ሁለት ሆነ፤ ፀጉርና ሃይማኖት። አፌን ዘጋሁ። እምነት መድኃኒት መሆኑን አልካድኩም፤ አፈር መሆኑን ግን እሳቸው ካዱኝ።

ባለቤቴን ጠየቅኩት። «አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። «ምን እላለሁ፤ እናቴ ናት» አለ። ባለቤቴ አንድ ተረት አለው፣ ዝም አይነቅዝም የሚል። እኛ ስንጋጭ ይህችን ተረት ይናገርና ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ዝም ባለ ቁጥር የእናቱ ልጅም የእኔ ባልም ሆኖ የሚኖር ይመስለዋል። እናቴ ደግሞ ሌላ ተረት ነበራት፤ ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት። እሷ ያሳደገችኝ በዚህኛው ነው።

በመስከረም የማርያም ማኅበር ተረኛ ቤት አማቴ ነገሩን አወጡት። እኔ አልነበርኩም፤ ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። «ምራቴ ፀጉሯን በቱቦ እየሰደደች ቤቱን ልታፈርስብን ነው» አሉ አሉ። ማኅበርተኛው ሳቀ። ባለቤቴም እዚያው ነበር፤ ጠላውን ይዞ። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ሰላም ይሉኝና ዓይናቸው ወደ ራሴ ይወጣል። አንዷማ በደህና ልብ «ትንሽ አሳጥሪያት እንጂ እህቴ፤ ለፀጉር ብለሽ ኑሮሽን አትበጥብጪ» አለችኝ።

ፀጉሬ ወገቤ ይደርስ ነበር። ኮን ከተማ ነው የተወለድኩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያ ላይ ሰው ሹሩባዬን ይዞ «ከዓይን ያውጣሽ» ይለኝ ነበር። ሌላ ጌጥ ኖሮኝ አያውቅም። በሠርጌ ዕለት እንኳ አንገቴ ላይ የነበረው ሐብል የውሰት ነው፤ ፀጉሬ ግን የራሴ ነበር።

ቤቱ መሽተት ጀመረ። ከሻወሩ ጋር የተያያዘው የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከታች ረጥቦ ቀለሙ ተላጠ። አማቴ ወደ ሳፋቸው ተመለሱ፤ ጠዋት ጠዋት ቁጢጥ ሲሉ «ወየው ጉልበቴ!» የሚሉት እኔ በር ላይ ሳልፍ ጠብቀው ነው። እኔ በየቅዳሜው እጄን ጭቃ ውስጥ እከታለሁ፤ በየማክሰኞው ውኃው ይቆማል። አንድ ቀን በረኪናው ዓይኔን አቃጥሎኝ እያለቀስኩ ስወጣ «ለፀጉሯ ሳስታ ታለቅሳለች» ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማሁ።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ግቢው መካከል በርጩማ አወጣሁና ተቀመጥኩ። መቀሱን ለባለቤቴ ሰጠሁት። «ከኋላ አይታየኝም፤ አንተ ቁረጠው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ፀጉር ከሌለ ነገር የለም። ቁረጠው።»

ቆረጠው። መካከል ላይ መቀሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆመ። ለፀጉሬ ሳስቶ መሰለኝና፣ ሞኟ፣ በሆዴ ደስ አለኝ። አማቴ ከመስኮት ያዩ ነበር፤ አልከለከሉም፣ እሰይም አላሉም። የተቆረጠውን ሹሩባ በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ላስታ ውስጥ ሴት ፀጉሯን ድንገት የምትቆረጠው ሰው ሲሞትባት ወይም ስትመነኩስ ነው። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው አቀፉኝ። «ወይኔ እህቴን! ማን ሞተብሽ? እናትሽ ናቸው?» እያሉ። አንደኛዋ እንባዋ መጥቷል። ሰው አልሞተብኝም፣ ቱቦ ነው የተደፈነብኝ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ደህና ናት፣ ደህና ናት እያልኩ አለፍኩ። ሆቴል ስደርስ ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት አልታጠብኩም። ለምርመራ ነው። ገላዬን እዚያው ሆቴል እየታጠብኩ መጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ የሻወሩን ቱቦ እንደገና ጠረግኩት፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ዘለላ ፀጉር አልገባበትም። ማክሰኞ ሲደርስ ውኃው ቆመ። ሮጬ አማቴን ጠራኋቸው፤ ደስታዬ ንዴቴን በልጦት። «ይኸው እማማ! ፀጉር የለኝም! ይኸው ቆመ!»

አማቴ ውኃውን አዩ። ራሴንም አዩ። «የድሮው ነዋ። ውስጥ ተጋግሯል» አሉና ሄዱ።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? የድሮ ፀጉሬንም ቆርጬ መስጠት አልችል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጫማው ተመለሰ።

በማግስቱ ለሆቴላችን የጥገና ሠራተኛ ነገርኩት። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። ረጅሙን የብረት ጠምዛዛ ሽቦ ሊያውሰኝ ከመደርደሪያ እያወረደ «ለመሆኑ መውጫውን አይተሽዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ከዚህኛው ጫፍ ስቆፍር የዚያኛውን ጫፍ አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ሌሎች ፀጉር ፀጉር ሲሉኝ እኔም ቀዳዳው ላይ ተደፍቼ ፀጉር አለመሆኑን ሳስረዳ ቀረሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይህን አልክድም።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ከአጥሩ ኋላ ዞርኩ። ቱቦው መውጣት ያለበት ቦታ ላይ ቱቦ የለም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው ያለው፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ የታሰረ፣ ልስኑ በመዳፍ የተስተካከለ። አጠገቡ ጤና አዳም ተተክሏል። ከድንጋዩ ሥር አንዲት ጣት የማታስገባ ክፍተት ቀርታለች፤ እሷም በዚያ ቀላ ባለ ጭቃ ጢም ብላ ደርቃለች።

ግቢ ገብቼ ድጅኖ ይዤ ተመለስኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ልስኑን በድጅኖው ጫፍ ወጋሁት፤ በአራተኛው ድንጋዩ ላላ፣ በአምስተኛው ተነሣ። የሁለት ወር ተኩል ውኃ ባንድ ጊዜ ወጥቶ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አበሰበሰው። ሽታው አይነገርም። እዚያው ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ድምፁን ሰምተው አማቴ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ኧረ በስመ አብ! ጠበሉን! ጠበሉን ረገጥሽው!»

«እማማ፣ ይህን ድንጋይ ማን አኖረው?»

«እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ። አህያውም ሰውም በዚህ እያለፈ ይረግጠዋል፤ የጠበል ፍሳሽ እንዴት ይረገጣል? እግር እንዳይረግጠው አስከደንኩት። ቀዳዳ ትቼለታለሁ እኮ፣ እንዲሰርግ።»

በሰኔ እኔ እናቴን ላስታምም ኮን ነበርኩ። በጋሸና በኩል በተመለስኩ ጊዜ ማንም ምንም አልነገረኝም። ድንጋዩ መጀመሪያ አልጎዳም፤ ውኃው በክፍተቷ ሲወጣ ከርሟል። በፍልሰታ ሁለት ሳምንት በየጠዋቱ እምነት ሲፈስባት ግን ተዘጋች። አማቴ ይህን አላገናኙትም። በፊታቸው ላይ አየሁት፤ ድንጋዩንና ክፍተቷን፣ ከዚያም የእኔን ራስ ሲያዩ፣ ያኔ ነው የገባቸው። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

ያን ጊዜ እንኳ በሳቸው ብቻ ነበር የተናደድኩት። «ሲሚንቶውንስ ማን አቦካልዎ?» ብዬ የጠየቅኩት እንዲያው ነገር ለማስረዘም ነው።

«ልጄ ነዋ» አሉ።

ባለቤቴ ሲመጣ እርጥብ ቀሚሴን ሳልቀይር ጠበቅኩት። «ድንጋዩን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ከእሱ እንደሆነስ?»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ብናገር ደግሞ እናቴ የምትለውን ታውቂያለሽ። ጠበሉን ነካህብኝ ትላለች። ራሱ ይከፈታል ብዬ ነው።»

ጠርጥሮ ነበር። እኔ እጄን በበረኪና ስልጥ ጠርጥሮ ነበር። በማኅበር ሲሳቅብኝ፣ ጠላውን ይዞ፣ ጠርጥሮ ነበር። መቀሱ በእጁ ነበር፣ ፀጉሬም በእጁ ነበር። አንዲት ቃል፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን እንይ» የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ዳውላዋ እኔ ነኝ።

አልጮህኩም። ሁለት ነገር ብቻ ነገርኩት። አንደኛው፣ ውኃው የሚሰርግበት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ሞልቶ እንዲከድነው፤ ጠበሉም እንዳይረገጥ፣ ቱቦውም እንዳይታፈን። ሁለተኛው፣ ስሜ የተነሣው በማኅበር ፊት ነውና በማኅበር ፊት እንዲመልሰው። እሺ አለ። የላስታ መሬት ከላይ አፈር ይምሰል እንጂ ከሥር ዓለት ነው፤ በድጅኖ አራት ቀን ፈጀበት። አላገዝኩትም፣ ውኃም አላቀበልኩትም። አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር። ከእኔ ጋር ስንተያይ ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ «አጠፋሁ» ግን አላሉም።

የኅዳር ማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እኔ ሻሼን አጥብቄ ጠላ እቀዳለሁ። ባለቤቴን አየሁት፤ ተነሣ። «እንግዲህ» አለ፣ «በእመቤታችን ረዳትነት ያ የሻወራችን ነገርም ተስተካክሏል» አለና ተቀመጠ።

«ተመስገን» አለ ማኅበሩ ሁሉ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ «እሰይ፣ ፀጉርሽን መቆረጥሽ በጀ» አለችኝ።

ማሰሮውን መሬት አስቀመጥኩት። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ልናገር አፌን ስከፍት አማቴ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ የተናገረው ሙሉ አይደለም» አሉ። «መውጫውን በድንጋይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ለጠበሉ ብዬ ነው፤ ቢሆንም እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን ያቦካው እሱ ነው። በዚህ ማኅበር ፊት ያማኋት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ሰው ሳይሞትባት ፀጉሯን የተቆረጠችው በእኔ አፍ ነው። አባ፣ ይፍቱኝ።»

ካህኑ «መጀመሪያ እሷን ነው የሚጠይቁት» አሏቸው። አማቴ ወደ እኔ መጡ፤ ያን የታመመ ጉልበት አጥፈው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሳይደርሱ ያዝኳቸው። እንደዚያ ቀን አቅፌያቸው አላውቅም። ሁለታችንም ስናለቅስ ሰዎቹም አለቀሱ። ባለቤቴ ዳቦውን እያየ ነበር።

አማቴን ያኔውኑ ይቅር አልኳቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን እምነት የምቀባቸው እኔ ነኝ፤ ውኃውም ይሄዳል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አልፎ አልፎ፣ ሻሼን ሳወልቅ፣ ፈገግ ብሎ «ፀጉርሽ አደገ እኮ» ይለኛል።